እረኛውን ማን ጠየቀው? ስለ አየርላንዱ ባንድ ስለ ቡምታውን ራትስ



የዚህ ጽሑፍ መነሻ የአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። በታኅሣሥ ወር ገደማ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከእንግሊዝኛ ትምህርቷ ስትመለስ በስልኳ አንድ የገና ዘፈን ከፈተችና አያቷን «እማማ፣ ይህ ዘፈን ስለ እናንተ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው። ቃሉንም ወደ አማርኛ እየመለሰች አሰማቻቸው። አያቷ በ1984 ከወገራ ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ ናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኛ የምናውቀው ስግድን ነው፤ ደግሞ የምን ገና አመጡብን?» አሉ። በቤት ያለው ሁሉ ሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ዘፈኑ በክፍል ውስጥ ሲሰማ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ዞር ብለው አይተዋት ነበርና።

ዘፈኑ «ባንድ ኤይድ» በሚል ስም የተሰበሰቡ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች በኢትዮጵያ ለተራቡት ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ በለንደን የቀዱት ነው። ያሰባሰባቸውም ቦብ ጌልዶፍ የተባለ አየርላንዳዊ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሰው የምናውቀው በዚሁ በረሃቡ ዘመን ሥራው ብቻ ነው። ነገር ግን ጌልዶፍ ከዚያ በፊት «ቡምታውን ራትስ» የተባለ ባንድ ድምፃዊ ነበር። ባንዱ በ1975 ተመሥርቶ በ1986 ተበተነ። እኛም ዛሬ ስለዚህ ባንድ ለመጻፍ የተነሣነው በከንቱ አይደለም። በአስተያየታችን ባንዱ በደህና ዘመኑ የሠራቸው ሥራዎች፣ ስለ እኛ የተዘፈነው ዘፈን ምን እንደ ጎደለው በግልጽ ያሳያሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወደብ ከተማ የተነሡ አይጦች

ባንዱ የተመሠረተው ከደብሊን በስተደቡብ ባለችው በዱን ሌሪ ነው። ዱን ሌሪ የባሕር ወደብ ናት፤ ብዙ አየርላንዳውያን ለእንጀራ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሰደዱ የሚሳፈሩት ከዚያች ወደብ ነበር። አባላቱ ስድስት ነበሩ። እነርሱም ድምፃዊው ቦብ ጌልዶፍ፣ ጊታር ተጫዋቾቹ ጋሪ ሮበርትስና ጄሪ ኮት፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ፒት ብሪኬት፣ በመድረክ ላይ ፒጃማ ለብሶ ፒያኖ የሚመታው ጆኒ ፊንገርስና ከበሮ መቺው ሳይመን ክሮው ናቸው። ስማቸውን ያገኙት ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ከውዲ ገትሪ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ሲሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ የልጆች ቡድን አለ። ትርጉሙም «የደራው ከተማ አይጦች» እንደ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ አየርላንድ ዛሬ እንደምንሰማው ሀብታም አገር አልነበረችም። ወጣቱ ሥራ አጥቶ ተሰልፎ የመንግሥት ድጎማ ይቀበል ነበር፤ የቻለም ይሰደድ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቃል በትምህርት ቤትም በሕግም የጸና ነበር። የወሊድ መከላከያ በሕግ እንዲሸጥ የተፈቀደው በ1979 በወጣ ሕግ ነው። ባልና ሚስት እንዲፋቱ የተፈቀደውም በ1995 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ነው።

አይጦቹ በ1976 ወደ ለንደን ተሻገሩ። ጊዜው ፓንክ የሚባለው ሻካራና ጩኸት የበዛበት ሙዚቃ የተነሣበት ነበር። ከእርሱም ቀጥሎ ቁጣውን ሳይተው ዜማና ፒያኖ የጨመረ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ መጣ፤ ይህም ኒው ዌቭ፣ ማለትም «አዲስ ሞገድ» ተባለ። ቡምታውን ራትስ ከዚህኛው ወገን ነበሩ።

በ1977 የወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው «ሉኪን አፍተር ነምበር ዋን» ይባላል። በድጎማ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሰለቸው ወጣት «ከእንግዲህ የማስበው ለራሴ ብቻ ነው» እያለ የሚፎክርበት ዘፈን ነው። ላይ ላዩን ሲሰሙት የስስታም ሰው ፉከራ ይመስላል። ወርቁን የፈለገ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ስለ ፍቅርና ስለ ጎረቤት እየሰበከ ሥራ የማይሰጥ አገር ልጁን እንዲህ ያለ ሰው ያደርገዋል ነው የሚለው። ሸክላው በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 11ኛ ሆነ።

በ1978 «ራት ትራፕ» ወጣ፤ «የአይጥ ወጥመድ» ማለት ነው። ጌልዶፍ ወጣት ሳለ በደብሊን በከብት ማረጃ ቄራ ሠርቶ ነበር፤ የዘፈኑም ሰዎች ከዚያ ሰፈር የመጡ ናቸው። ቢሊ የተባለው ልጅ በከተማው መንገድ ሲንከራተት፣ ከሰፈሩ መውጫ እንደሌለው ሲረዳ፣ ዘፈኑ አምስት ደቂቃ ሙሉ እንደ አጭር ልብ ወለድ ይተርክልናል። ሳክስፎኑ ይጣራል፤ ዜማው ይፈጥናል፤ እንደገና ይከብዳል። ይህ ዘፈን በኅዳር 1978 በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። የአየርላንድ የሮክ ባንድ እዚያ ደረጃ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። ከአንደኝነት ያወረዱት ጆን ትራቮልታና ኦሊቪያ ኒውተን ጆን የዘፈኑትን የፊልም ዘፈን ስለ ነበር፣ አይጦቹ በቴሌቪዥን ቀርበው የትራቮልታን ፎቶግራፍ ቀዳደዱ። ነገሩ የልጅነት ፉከራ ነበር፤ ዘፈኑ ግን የጎለመሰ ሥራ ነው።

በ1980 የወጣው «ባናና ሪፐብሊክ» ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ደፋር ነው። ጌልዶፍ ቀደም ሲል በአየርላንድ ቴሌቪዥን ቀርቦ ቤተ ክርስቲያኑንና ፖለቲከኞቹን ዘልፎ ስለ ነበር፣ በገዛ አገራቸው የሙዚቃ ዝግጅት እንዳያሳዩ ብዙ በር ተዘጋባቸው። እነርሱም መልሳቸውን በጃማይካ ሬጌ ስልት አድርገው፣ አገራቸውን በጥቁር ልብስና በሰማያዊ የደንብ ልብስ የምትገዛ ምስኪን መንደር አድርገው ሣሏት። እኛ ሽማግሌና ካህን ከሚከበርበት ቤት የመጣን ነንና አነጋገሩ ሊከብደን ይችላል። ሆኖም ሰውየው የሚዘልፈው የሰው አገር አይደለም፤ የገዛ አገሩን ነው። የሚያውቀውን በር እያንኳኳ ነው።

በእኛ አገር «እረኛ ምን አለ?» የሚባል ጥያቄ ነበር። ነገሥታቱና መኳንንቱ በአደባባይ የማይነገረውን ለማወቅ ሲፈልጉ፣ እረኛ በሜዳ የሚያዜመውን ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው በትምህርት አይደለም የሚናገረው፤ ያየውን ነው። ቡምታውን ራትስ ከ1977 እስከ 1980 ድረስ የደብሊን እረኞች ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ሩቅ ሐዘን የተዘፈነ ዘፈን

አንባቢ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ታዲያ ዝነኛው ዘፈናቸው ስለ አሜሪካ አይደለም ወይ?» ትክክል ነው። ጥር 29 ቀን 1979 በካሊፎርኒያ በሳን ዲየጎ ከተማ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከቤቷ መስኮት ሆና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ተኮሰች፤ ርእሰ መምህሩና አንድ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ሞቱ፣ ሕፃናትም ቆሰሉ። ለምን እንዳደረገችው ስትጠየቅ ሰኞን እንደማትወድ ተናገረች። ጌልዶፍና ፊንገርስ በዚያን ጊዜ በአትላንታ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ላይ ነበሩ፤ ወሬው በቴሌክስ መኪና እየተጻፈ ሲወጣ በዓይናቸው አዩት። ከዚህም «አይ ዶንት ላይክ መንደይስ» የተባለው ዘፈን ተወለደ። በ1979 በጋ በእንግሊዝ ለአራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ይህን ዘፈን ደግመን ደጋግመን ሰምተነዋል። ጊታሩ ጠፍቶ ፒያኖና የክር መሣሪያዎች ብቻ ይሰማሉ፤ መካከል ላይ ጭብጨባ አለ። ደም አያሳይም፣ ሬሳ አይቆጥርም። ሰዎች ምክንያት ፍለጋ ሲባዝኑ ያሳያል፤ ምክንያቱ ግን አይገኝም። ዘፋኙም «እኔ አውቃለሁ» አይልም። የዘፈኑ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ይሁንና ጥፋትም አለበት። የልጅቱን ቃል በዓለም ሁሉ አሰራጭቶ ዝነኛ አደረጋት፤ ጌልዶፍ ራሱ በኋላ ዘመን በዚህ እንደ ተጸጸተ ተናግሯል። ስለዚህ የሩቅ ሰው ሐዘን ከዜና መኪና ላይ ተቀድቶ ዘፈን ሲሆን አደጋ እንዳለው ባንዱ ገና በ1979 ተምሮ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ከዳቸው። በ1981 ጄሪ ኮት ለቀቀ። የ1982ቱና የ1984ቱ አልበሞቻቸው የቀድሞዎቹን ያህል አልተሸጡም። ድምፁ ያው ነበር፤ ነገር ግን የሚናገርለት ሰፈር አልነበረውም። ደብሊንን ለቀው ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለንደንንም እንደ ቤታቸው አልዘፈኑላትም። ይህ ነገር ለእኛ ለስደተኞች እንግዳ አይደለም።

ኅዳር 1984

ጥቅምት 23 ቀን 1984 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና የፊልም አንሺው ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዜና በቴሌቪዥን ታየ። ጌልዶፍም በቤቱ ሆኖ አየው። የገዛ ባንዱ ሸክላ ቢያወጣ የሚገዛው እንደማይኖር ያውቅ ስለ ነበር፣ ከዘፋኙ ከሚጅ ዩር ጋር አንድ ዘፈን ጽፎ በዘመኑ የታወቁትን ዘፋኞች ሰበሰበ። ኅዳር 25 ቀን 1984 በለንደን በአንድ ቀን ቀዱት። የባንዱ ጓደኞቹም ከዘማሪዎቹ መካከል ነበሩ።

እስቲ ይህን ቀን ከእኛ ቀን ጋር እናስተያየው። ከአራት ቀን በፊት፣ ኅዳር 21 ቀን፣ የሙሴ ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወገኖቻችን ከሱዳን በሌሊት ወደ እስራኤል እየበረሩ ነበር። ዘመቻው በጥር መጀመሪያ 1985 እስኪቋረጥ ድረስ 8,000 ያህል ሰው ገባ። ወደ 4,000 የሚጠጉ ደግሞ በመንገድና በኡም ራኩባን በመሳሰሉት የሱዳን ሰፈሮች አለቁ። የስግድ ቀን፣ የሔሽቫን 29፣ በዚያ ዓመት የዋለው ኅዳር 24 ነው። በለንደን «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» እየተባለ የተዘፈነው በማግስቱ ነው። እንግዲህ የእኚያ አያት መልስ ለሳቅ ብቻ የተነገረ አልነበረም።

በመጀመሪያ ስለ መልካሙ እንናገር፤ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» እንዳይባል። ሸክላው በእንግሊዝ አገር ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መንግሥት ከሽያጩ ላይ ግብር ልውሰድ ሲል ጌልዶፍ ተሟግቶ ያህሉን ገንዘብ ለእርዳታው አስመለሰ። ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ዝግጅትም ተጨምሮ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በዚያ ገንዘብ እህል የበላ፣ መድኃኒት ያገኘ ሰው አለ። ይህን መካድ ግፍ ነው። ምስጋናችንንም እናቀርባለን።

ዘፈን ግን እንደ ዘፈን ይመዘናል። ይህኛው ዘፈን የኢትዮጵያን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም፤ «አፍሪካ» ብቻ ይላል። አገሩንም ዝናብና ወንዝ የማያውቅ ምድር ያደርገዋል። አባይንና ተከዜን የተሻገረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይበል? ተጠያቂ የሚሆን ሰውም በዘፈኑ ውስጥ የለም። ረሃቡ ግን ከድርቅ ብቻ አልመጣም። በሰሜን ጦርነት ነበር፤ ደርግ በመስከረም 1984 የአሥረኛ ዓመት በዓሉን በብዙ ወጪ ሲያከብር ሕዝቡ በወሎና በትግራይ ይረግፍ ነበር፤ ተዋጊዎች በያዙት አገር ላለው ሕዝብም እህል እንዳይደርስ ይከለከል ነበር። የሞቱት ሰዎች ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታሉ።

ይህን ለመረዳት ከአየርላንዳዊ የሚቀርብ ማን ነበር? ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ በደረሰው ታላቅ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሰዷል። የድንቹ ሰብል በበሽታ ጠፋ፤ ነገር ግን ሕዝቡ እየተራበ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። አየርላንዳውያን ረሃብ ባለቤት እንዳለው፣ ከሰማይ ብቻ እንደማይወርድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲናገሩ ኖረዋል። «ባናና ሪፐብሊክ»ን የጻፈ ብዕር ይህን ሊያውቅ ይገባው ነበር። በዘፈኑ ውስጥ የቀድሞው አይጥ ጥርስ የሚታየው በአንድ ስንኝ ላይ ብቻ ነው። ሌላው አየርላንዳዊ ቦኖ በሚዘፍነው በዚያ ስንኝ አድማጩ «እንኳን በእኔ አልደረሰ» ብሎ በልቡ የሚያደርገው ምስጋና ፊት ለፊት ይወጣል። ስንኙ መራራ ነው፤ እውነትም ነው። የቀረው የሰላምታ ካርድ ነው።

ለመቸኮላቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ሰው እየሞተ ነበር። ነገር ግን ችኮላው ካለፈም በኋላ ዘፈኑ በ1989፣ በ2004 እና በ2014 እንደገና ተቀድቷል። በ2014 ጥቂት ቃላት ተለውጠው ሳለ፣ ከጋና ቤተሰብ የተወለደው ፊውዝ ኦዲጂ የተባለው ዘፋኝ አፍሪካን እንዲህ አድርጎ ማሳየቱን ተቃውሞ አልሳተፍም ብሏል። ስለዚህ ቅሬታው የእኛ ብቻ አይደለም።

ነገሩን ስናጠቃልለው፣ ደብሊንን ሲዘፍኑ አይጦቹ ራሳቸው እረኞች ነበሩ። ሳን ዲየጎን ሲዘፍኑ አለማወቃቸውን አምነው ዘፈኑ። ስለ እኛ ሲዘፈን ግን እረኛውን የጠየቀው አልነበረም፤ ዘፋኞቹም እንደሚያውቅ ሰው ዘፈኑ። ከሁሉ የሚያሳዝነን፣ ከጎንደር ገጠር የወጣውን ወገናችንን ዓለም በረሃብተኛነቱ ብቻ ማወቁ ነው። ወላጆቻችን በረሃውን የተሻገሩት ዳቦ ፍለጋ ብቻ አልነበረም። ኢየሩሳሌምን ብለው ነው የወጡት፤ ለዚያም ነው የሞቱት።

የባንዱ ፍጻሜ

ቡምታውን ራትስ በላይቭ ኤይድ መድረክ ላይ ቆመው በዓለም ሕዝብ ፊት ተጫወቱ። «አይ ዶንት ላይክ መንደይስ» ላይ ሲደርሱ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሞት በሚናገረው ስንኝ ላይ ጌልዶፍ ዘፈኑን አቁሞ እጁን ወደ ላይ አነሣ። የ1979ኙ ዘፈን በዚያች ቅጽበት ከገናው ዘፈን ይልቅ ስለ ኮረም ተናገረ ብንል ስሕተት አይመስለንም። ከዚያ በኋላ ግን ባንዱን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ሆነ። የድምፃዊው በጎ ሥራ ባንዱን ዋጠው።

የመጨረሻ ዝግጅታቸው በግንቦት 1986 በደብሊን «ሰልፍ ኤይድ» በተባለው ትልቅ የሙዚቃ በዓል ላይ ነበር። በዓሉ የተዘጋጀው በአየርላንድ ላሉ ሥራ አጦች ነው። በ1977 ስለ ድጎማ ሰልፍ ዘፍነው የጀመሩት ልጆች፣ በአገራቸው ያንኑ ሰልፍ እያዩ ተለያዩ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2013 ከአባላቱ የተወሰኑት እንደገና ተገናኙ፤ በ2020ም አንድ አልበም አወጡ። ጋሪ ሮበርትስ በ2022 ዐርፏል። ያቺ የአሥራ አንድ ዓመት ዘመን ግን አልተመለሰችም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ያንን የገና ዘፈን ሲሰሙ አትቆጧቸው፤ አታፍሩም። ገንዘቡ ሰው ማብላቱን ንገሯቸው፤ ዘፈኑ ደግሞ እናንተን አለማወቁን ንገሯቸው። ከዚያም «ራት ትራፕ»ን አሰሟቸው፤ የድሀ ሰፈር ልጅ ሰፈሩን ሳያፍርበትና ሳያሽሞነሙነው እንዴት እንደሚዘፍነው ይስሙ። በዚህ አገር ያደጉ ልጆቻችንም እንዲህ መሥራት እንደሚችሉ፣ ከቂርያት ጋት የወጣው «ካፌ ሻሖር ሐዛቅ» የተባለው የራፕ ቡድን አሳይቷል።

ያቺ የሰባተኛ ክፍል ተማሪም አያቷን እንደገና ጠይቃለች፦ «እንግዲያው በዚያ ቀን የት ነበራችሁ?» አሮጊቷ የነገሯትን በሦስት ገጽ ጽፋ ለእንግሊዝኛ መምህሯ ሰጥታለች። በየቤታችሁ እንዲህ ያሉ እረኞች አሉ፤ ሳይረፍድ ጠይቋቸው። በሰላም ያገናኘን።